የተባረከው ገንዳ

እንጅባራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለምስጋናው፣ ያለህበት ሻርጃ፤

ከትውልድ መንደርህ ከጥርባ አውጥቶ ባሕር ያሻገረህ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይከተልህ። ሙቀቱ በረድ ብሎልህ፣ ሰውነትህ ደህና ሆኖ ይህች ወረቀት ታግኝህ። እኔም ባለቤቴ ቢሻውም ልጆቹም ደህና ነን። ኢንተርኔቱ እንደጠፋ ነው፤ ስልኩም አንድ ቀን ሠርቶ ሦስት ቀን ዝም ይላል። ስለዚህ እንደ ድሮው በደብዳቤ መጣሁብህ። የያዘችልህ የዳንግላዋ ያለምወርቅ ናት፤ ለእናቷ ተዝካር መጥታ ወደዚያው ወደ ሥራዋ የምትመለሰው።

ምስጋናው፣ ቤትህ አለቀ። ቀለሙ ሳይቀር ተቀብቷል። በጓሮዬ በኩል ዘልቄ አንድ ጊዜ ሳላየው ሥራ አልጀምርም። ገንዳውም ተቆፍሮ፣ ተለስኖ፣ ሰማያዊው ሴራሚክ ተለጥፎለት ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ያየዋል። ቢሻው ምን ይላል መሰለህ፤ በእንጅባራ ብርድ ገንዳ የሚያሠራ ሰው በሻርጃ ሙቀት ምድጃ ሳያስገጥም አይቀርም ይላል። ሽማግሌዎቹም ዙሪያውን ቆመው በአገውኛ ይሳሳቃሉ፤ ለፈረስ ማጠጫ ከሆነ ጠለቀ፣ ለሰው ከሆነ ቀዘቀዘ ነው ነገራቸው። እኔ ግን መልስ አላጣሁም። ልጆቻችን ከዘንገና ሐይቅ አፍ ላይ ተወልደው ዋና የሚችል የለም፤ ወንድሜ ያሠራው የሰፈሩ ልጅ እንዲማርበት ነው እላቸዋለሁ። ያኔ ሳቁ ወደ ምርቃት ይዞራል።

አሁን ዕቃው ላይ ነኝ። ባሕር ዳር ያለው ነጋዴ ሁለት ፓምፕ አሳየኝ፤ አንዱ ትንሽ ነው፣ ሌላው የወፍጮ ሞተር ያክላል። ትልቁን ውሰጂ፣ ውሃውን ባንዴ ያጸዳዋል አለኝ። ማጣሪያውም አሸዋ የሚሞላበት አለ፣ እንደ ቀሚስ የታጠፈ ወረቀት ያለበትም አለ። ደግሞ ከጨው ክሎሪን የሚያወጣ ማሽን በሥዕል አሳየኝና ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። የትኛውን ልግዛ?

ውሃውን የሚጠብቅ ሰው ልቅጠር ያልከውን ግን ተወው፤ እኔ አለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ ሴት ነኝ፤ በኬሚስትሪ ከክፍሉ ሁለተኛ ነበርኩ። እኔ ቤት ሆነህ ስትማር ያስጠናህ ማን ሆነና ነው። አደራውን ለእኔ ስጠኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አንገትህን አቅፌ ስሜሃለሁ።
እህትህ እታለማሁ


ሻርጃ፣ ኅዳር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እህቴ ለወይዘሮ እታለማሁ፣

እንደ እናት ያበሉኝን እጅዎን በሩቁ እየሳምኩ፣ ለእርስዎና ለጋሽ ቢሻው ጤናና ዕድሜ እንዲሰጥልኝ እለምናለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ትልቁን ፓምፕ አይግዙ። ገንዳው ስምንት ሜትር በአራት ነው፤ ጥልቀቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ። ወደ አርባ ሁለት ሺህ ሊትር ይይዛል። ይህ ውሃ በሰባት ስምንት ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ በማጣሪያው ካለፈ ይበቃዋል፤ በሰዓት ስድስት ሺህ ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ማለት ነው። ትልቅ ፓምፕ በትንሽ ማጣሪያ ላይ ሲገጠም ውሃው አሸዋውን ሰርስሮ ቆሻሻውን ይዞ ያልፋል እንጂ አይጠራም። ማጣሪያው የአሸዋው ይሁን። የወረቀቱ መለወጫ እዚያ አይገኝም፤ እናንተ ሰፈር ደግሞ የከሰል ብናኝ አለ፣ የባሕር ዛፍና የከሰሉ ዛፍ የዲከረንስ ቅጠል አለ። አሸዋው ሲደፈን ማጣሪያው ላይ ያለው የግፊት መለኪያ፣ ጌጁ፣ ከፍ ይላል፤ ያኔ ውሃውን ወደኋላ ለቀው ያጥቡታል። የጨው ማሽኑን ይርሱት። መብራት ሲጠፋ እሱም ይቆማል፤ በውሃ ውስጥ የሚራባው ነገር ግን መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም።

ክሎሪኑ የዱቄቱ ይሁን። መጀመሪያ ባልዲው ውስጥ ውሃ ይሙሉ፣ ቀጥለው ዱቄቱን በውሃው ላይ ይጨምሩ፤ በዱቄት ላይ ውሃ በፍጹም እንዳያፈስሱ። ፀሐይ ስለሚበላው አመሻሹ ላይ ያድርጉት። ወደ አገር በምትመለስ ሴት እጅ የመለኪያ ሣጥን ልኬልዎታለሁ። በሁለቱ ብልቃጦች ከገንዳው ይቀዱና ጠብታውን ጨምረው ቀለሙን ያስተያያሉ። ቢጫው ክሎሪኑን ይነግርዎታል፤ ከአንድ እስከ ሦስት መሆን አለበት። ቀዩ ፒኤች ነው፤ ከሰባት ነጥብ ሁለት እስከ ሰባት ነጥብ ስድስት። በየሁለት ቀኑ ለክተው በደብተር ይጻፉና ገጹን ይላኩልኝ። የቤቱ ፎቶ ቢቀር ግድ የለኝም፤ እኔ የምፈልገው ያንን ገጽ ነው። ውሃ በዓይን ሲታይ ንጹሕ መስሎ ሰው ሊያሳምም ይችላል።

አክባሪዎ ምስጋናው


እንጅባራ፣ የካቲት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለምስጋናው፤

በጥምቀቱ የተባረከ ዓመት ላንተም ይድረስህ። ዕቃው ሁሉ እንዳልከው ተገዝቶ ተገጠመ፤ ትንሹ ፓምፕ፣ የአሸዋው ማጣሪያ። ነጋዴው ትልቁን አለመግዛቴ አናድዶት አሸዋውን ሲመዝንልኝ ፊቱን አዙሮ ነበር። ውሃውን በቦቴ አስመጥተን ታኅሣሥ ላይ ሞላነው። ቢሻው ረጅም ቀርከሃ ጫፍ ላይ መረብ አስሮ የቅጠል መጥለፊያ ሠራልኝ፤ እሱ ራሱ አሁን በየጠዋቱ ዓሣ አጥማጅ መስሎ ዳር ዳሩን ይዞራል፣ ስታየው ትስቃለህ።

ጥር 12 ቤቱ ተመረቀ። የነፍስ አባቴ ቄስ ትዕዛዙ መጥተው ክፍሉን ሁሉ እየዞሩ ጸሎት አደረሱ፣ ረጩ። እኔም አባቴ ውሃውንም አይለፉብኝ ብዬ ገንዳው ዘንድ ወሰድኳቸውና መስቀላቸውን ነክረው ባረኩት። እልልታው እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ፀሐይ ስትበረታ ልጆቹ ገቡበት። የጎረቤታችን የሙሉነሽ ልጅ ቤዛዊት፣ የስምንት ዓመቷ፣ ቀድማ ዘላ የገባችው እሷ ናት። አሁን በአፏ ውሃ እየተፋች ከዳር ዳር ትሻገራለች። ሙሉነሽ ባየችኝ ቁጥር ትመርቀኛለች፤ አንተንም ጭምር።

ገጾቹን ይኸው ልኬልሃለሁ፤ አንዱ ከታኅሣሥ እስከ ምርቃቱ ያለው ነው፣ ሌላው ከጥር 13 ወዲህ ያለው። ሁሉም ደህና ነው። ሌላ ክሎሪን እልካለሁ ብለህ እንዳትቸገር፤ ያለው ይተርፈናል። ይልቅ ለልጆቹ የመዋኛ ልብስ ብትልክ ነው ደስ የሚለኝ፤ በውስጥ ሱሪ ሲገቡ እናቶቻቸው ያፍራሉ።

ናፍቆትህ የበዛባት እህትህ እታለማሁ


ሻርጃ፣ መጋቢት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለማከብርዎት እህቴ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ይድረስዎ። ስለ ምርቃቱ ሳነብ እዚያው እልልታው ውስጥ የቆምኩ መሰለኝ። የመዋኛ ልብሱን ገዝቻለሁ፤ ሰው ሳገኝ እልካለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዳይከፋዎት። የታኅሣሡ ገጽ ላይ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል። አንድ ቀን ከአንድ በታች ወርዶ እርስዎም «ጨመርኩበት» ብለው ጽፈዋል፤ ወረቀቱ ላይ የውሃ ጠብታ ደርቋል። የጥር ወሩ ገጽ ግን አሥር መስመር ነው፣ አሥሩም ክሎሪን ሁለት፣ ፒኤች ሰባት ነጥብ አራት ይላል። ልጆች የሚገቡበት ውሃ እንዲህ ባንድ ቦታ ሲቆም አላጋጠመኝም። ምናልባት ጠብታው ተበላሽቶ ይሆናል።

እስቲ ይንገሩኝ፤ ከላይ ሆነው ሲያዩ ወደ ገንዳው የሚወረድበት የመጨረሻው ደረጃ ይታይዎታል? ግድግዳውን በእጅዎ ሲነኩት ያሙለጨልጫል? የክሎሪኑ ባልዲ ምን ያህል ጎደለ? በቀን ስንት ልጅ ይገባል? በቶሎ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።

አክባሪዎ ምስጋናው


እንጅባራ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምስጋናው፤

እንዴት ከረምክ። እኛ ደህና ነን። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ነው ያልጻፍኩልህ።

የመዋኛ ልብሱን ተወው፤ አሁን አያስፈልግም። ይልቅ እዚያ ጥሩ የጆሮ ጠብታ ይገኝ እንደሆነ ፈልገህ ላክልኝ፤ መግል ለሚያወጣ ጆሮ የሚሆን። ለጎረቤት ልጅ ነው። ለሰው ከምትሰጥ በአውሮፕላን ቶሎ የሚመጣ ካለ በዚያ አድርገው።

የጠየቅከኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ።

እታለማሁ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

እህቴ፣

ጠብታ አልልክም። የጎረቤትዎን ልጅ ጆሮ ሐኪም ሳያየው ምንም አይግባበት። ገንዳውን ይዝጉት፤ ይህን ካነበቡበት ሰዓት ጀምሮ አንድም ልጅ እግሩን እንዳይነክር።

የሚቀጥለውን ለመጻፍ አራት ቀን ፈጅቶብኛል። እናንተ ዘንድ ምስጋናው የውሃ ኢንጂነር ነው እየተባለ እንደሚወራ አውቃለሁ። ወሬውን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፤ ግን አላስተካከልኩትም። እኔ እዚህ የሰው ገንዳ አጣቢ ነኝ። በቀን ዘጠኝ ቪላ እዞራለሁ፤ ቅጠል እለቅማለሁ፣ ግድግዳ እፈገፍጋለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሳጥባቸው አንዱ ውስጥም ገብቼ አላውቅም፤ ለሠራተኛ አይፈቀድም። የራሴን ያሠራሁትም ለዚህ ነበር።

በየፓምፑ ክፍል ግድግዳ ላይ ለክተን የምንጽፍበት ወረቀት ይሰቀላል። በሦስተኛው ዓመቴ፣ ሙቀቱ ሲበረታብኝ፣ አንድ ቤት ሄጄ ሳልለካ የትናንቱን ደግሜ እጽፍ ነበር። ሦስት ሳምንት እንዲህ አደረግሁ። የሚዋሽ ሰው የሚጽፈው መካከለኛውን ነው፤ እኔም የጻፍኩት ሁለትና ሰባት ነጥብ አራት ነበር። የቤቱ ትንሽ ልጅ ታመመ። እናቱ ወረቀቱን ነቅላ ይዛ ወደ በሩ ወጣችና «ለክተህ ነበር?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። አመነችኝ፤ በፀሐይ ስላቆመችኝ ይቅርታ ጠይቃ ቀዝቃዛ ውሃ አስመጣችልኝ፣ ጠጣሁት። ብዙ ሳይቆይ ሌላ ሰፈር ተመደብኩ። ልጁ ይዳን አይዳን አላውቅም፤ አልጠየቅሁም።

ስለዚህ የእርስዎን ገጽ ገና ስዘረጋው አውቄዋለሁ። ጠብታው ተበላሽቶ ይሆናል ያልኩት እርስዎን እንዳላሳፍር ነው። እርስዎን እንዳላሳፍር ስል ልጆቹ ይዋኙ ነበር። ያ የእኔ ጥፋት ነው፤ ከእርስዎ ጋር አልካፈለውም።

እኔ እውነቱን ሳልናገር ከዚያ በር ሄድኩ። እርስዎ ግን ጎረቤት ነዎት።

ወንድምዎ ምስጋናው


እንጅባራ፣ ሰኔ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለምስጋናው፤

ምርቃት ልጽፍልህ አልደፈርኩም፤ ስለዚህ እንዴት ነህ ብቻ ልበልህ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ግንቦት 6 ነው። ገንዳውን በዚያው ቀን ዘጋሁት፤ ቢሻው ውሃውን ወደ ዲከረንሱ ማሳ ለቀቀው። የመጨረሻው ደረጃ መታየት ካቆመ ወር አልፎት ነበር። አሁን ሳላሳጥር ልንገርህ፤ ሳወራ ማሳጠር እንደማልችል ታውቃለህ፣ ዝም ስል ግን እንዴት እንደቻልኩበት እንጃ።

እስከ ምርቃቱ ድረስ እንዳልከኝ ለክቻለሁ፣ ጨምሬያለሁ። የምርቃቱ ቀን አመሻሽ ላይም ባልዲውን በጥብጬ ወጣሁ። በረኪና በረኪና ይሸታል። ገንዳው አፍ ላይ ስደርስ እጄ እምቢ አለኝ። ጠዋት መስቀል በተነከረበት ውሃ የሽንት ቤት ማጠቢያ የሚሸት ነገር ላፈስበት ነው ወይ አልኩ። ነገ ቄስ ትዕዛዙን ልጠይቅና አልኩ። ነገም ሳልጠይቅ ቀረሁ፤ ጨምሪበት ቢሉኝ ውሃው እንደማንኛውም ውሃ ሊሆንብኝ ነው፣ አትጨምሪበት ቢሉኝ ደግሞ ላንተ ምን ልጽፍልህ ነው። በሦስተኛው ቀን ውሃው አሁንም ጥርት ያለ ነበር። ደስ አለኝ። ባልዲውን ሸራ ሥር አስገብቼ ደብተሩን ከፈትኩ። እንዳልከውም መካከለኛውን ጻፍኩ።

ከዚያ ወሬው ወጣ። የእታለማሁ ገንዳ የተባረከ ነው ተባለ። ከግምጃ ቤት ከተማ ድረስ በጋሪ ሰው መጣ። አይደለም አላልኩም። ሰው በሬ ላይ ቆሞ ሲመርቀኝ ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ ካንተ ብደብቅ ምን ይጠቅመኛል። ውሃው አረንጓዴ ሲሆንም የባሕር ዛፉ ጥላ ነው አልኳቸው። አመኑኝ፤ የተማረች ናት ብለው።

ጆሮዋን የታመመችው ቤዛዊት ናት። መጀመሪያ ስትነካካው ብርድ ነው ያልኩ እኔ ነኝ። መግል ሲያወጣ ሙሉነሽ ምን እንዳደረገች ልንገርህ። ልጅቷን መልሳ ወደ ገንዳው አመጣቻት፤ የተባረከ ውሃ ነው፣ ያድናታል ብላ። ሰባት ቀን ሙሉ፣ በየጠዋቱ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገብታ፣ የልጅቷን ራስ አዘንብላ የታመመውን ጆሮ ውሃው ውስጥ ትነክረው ነበር። እኔ ዳር ላይ ፎጣ ይዤ እቆማለሁ። ትንቀጠቀጣለች፣ እጠቀልላታለሁ። ሰባት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልወጣኝም። ከዚያ ገብቼ ላንተ የጆሮ ጠብታ ላክልኝ ብዬ ጻፍኩ።

ደብዳቤህን አንብቤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ሙሉነሽ አይደለም። ወደ ነፍስ አባቴ ነው፤ እሱ ይቀለኝ ነበር። ቄስ ትዕዛዙ ጨርሼ እስክናገር ሰሙኝ።

«የተባረከ ልብስ አይታጠብም ያለሽ ማነው?» አሉኝ።

የባረኩት ቤቱንና የሚገባበትን ሰው እንጂ ጠበል አፍልቀው አለመሄዳቸውን፣ ብጠይቃቸው ኖሮ ቆመው ሳሉ ይመልሱልኝ እንደነበር ነገሩኝ። እሳቸውም ወሬውን ሰምተው የሰው አፍ ነው ብለው በማለፋቸው አዘኑ። ንስሐ ስጠብቅ፣ ስግደት ይሰጡኛል ጾም ይጨምሩብኛል ስል፣ በመቋሚያቸው ወደ ሙሉነሽ ቤት አመለከቱኝ። መጀመሪያ እዚያ ሄደሽ ነው ወደ እኔ የምትመለሺው አሉኝ።

ሙሉነሽ ጓሮዋ ድንች ታወጣ ነበር። ቆሜ ነገርኳት፤ ባልዲውን፣ ደብተሩን፣ ጥላ ነው ያልኩትን፣ ሁሉንም። እጇን ከአፈሩ አላነሳችም። ስጨርስ ቀና ብላ አየችኝ።

«ፎጣ ይዘሽልኝ ነበር እኮ» አለችኝ።

ብትጮህብኝ፣ ብትረግመኝ፣ ሰፈር ብትሰበስብብኝ ተዘጋጅቼ ነበር። ተመልሳ ወደ ድንቿ አጎነበሰች፤ እኔም ወጣሁ። በማግሥቱ ልጅቷን እዚሁ ሆስፒታል ወሰደቻት፤ እነሱ ለባሕር ዳር ሪፈር ጻፉላት። አሥራ አንድ ቀን ሰላም አላለችኝም። በአጥሩ በኩል የምንቀባበለው እሳትና እርሾ ቆመ። ሰፈሩ አወቀ፤ ማንም ግን ፊት ለፊት አልተናገረኝም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሙሉነሽ በሬ ላይ መጥታ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባችም። ቤዛዊት ማክሰኞ ባሕር ዳር ቀጠሮ እንዳላት ነገረችኝ።

«አንቺ ነሽ የምትወስጃት» አለች። «ለእኔ የነገርሽኝን ለሐኪሙ ትነግሪዋለሽ፤ እሷ እየሰማች»።

ወሰድኳት። ሐኪሙ ወጣት ነው፣ የእኔን የመጀመሪያ ልጅ ያክላል። ምን ውሃ ነበር ሲለኝ ነገርኩት። ለምን ክሎሪን አልነበረበትም ሲለኝም ነገርኩት። ቤዛዊት አልጋው ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዝ ነበር፤ የፎጣው ጋ ስደርስ ማወዛወዟን አቆመች። ሐኪሙ ሲጽፍ ቆይቶ የግራ ጆሮዋ ታምቡር ተበስቷል አለን። በመድኃኒት ሊደፈን ይችላል፣ ካልሆነ ቀዶ ጥገና ነው፤ መስሚያው እንደ ድሮው ይመለሳል ብሎ ግን ቃል ሊገባልኝ አልቻለም። አሁን በግራዋ በኩል ብትጠራት አትዞርም።

ስለ ቤትህ የምትወስነውን ጻፍልኝ፤ ቁልፉን ለሌላ ስጪ ካልከኝ ሳልከፋ እሰጣለሁ። ኢንጂነር ስላለመሆንህ ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ መናገር ያለብህ አንተ ነህ፣ ይህን የምልህ ነግሬ ስላየሁት ነው። ያቺንም ሴትዮ ፈልጋት፤ ልጇ እንዴት ሆነ ብለህ ጠይቃት። አሥራ አንድ ዓመት ቢያልፈውም ጠይቃት።

ከባሕር ዳር ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ቤዛዊት በመስኮቱ በኩል፣ በቀኜ ተቀመጠች። የማይሰማው ጆሮዋ ወደ እኔ ሆነ። መንገዱን ሁሉ ላወራት፣ ይቅርታ ልላት አስቤ ስለነበር ትከሻዋን ነካ አድርጌ ቦታ እንቀያየር፣ በደህናው በኩል ልሁንልሽ አልኳት። አየችኝ።

«አይ፣ እንዲህ ይሻለኛል» አለችኝና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ይቅርታውን ሳልላት እስከ እንጅባራ መጣሁ። ሐምሌ 9 ሌላ ቀጠሮ አላት። የምወስዳት እኔ ነኝ፤ በመረጠችልኝ በኩል እቀመጣለሁ።

እታለማሁ